«ፈረሰ ይባላል»፦ ከአራት ኪሎ ሆኖ የሮለር ኮስተር ግንባታ ይከታተል የነበረ የአንድ ቡድን የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ በየሳምንቱ የሚገናኙ ዐሥራ አንድ ሰዎች በሳዑዲ ዓረቢያ የሚገነባ አንድ ሮለር ኮስተር (ሰው ለመዝናናት የሚሳፈርበት፣ ከፍ ዝቅ በሚል ሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚሮጥ ባቡር) ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በትጋት ሲከታተሉ ከቆዩ በኋላ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የተሳሳተ ቪዲዮ አሰራጩ። በዚህም ምክንያት አንዲት የሰፈራችን እናት በሪያድ አካባቢ የሚሠራው ልጃቸው የሞተ መስሏቸው ሌሊቱን በለቅሶ አሳለፉ። ልጁ በሰላም ነበረ፤ ስሕተቱም በማግስቱ ታረመ። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ስሕተቱን የሠራነው ግዴለሾች ስላልነበርን ነው። ቁጥር የምንፈትሽ፣ ስሌት የምንሠራ፣ በጥንቃቄያችን የምንኮራ ሰዎች ነበርን።

እኔ ከዐሥራ አንዱ አንዱ ነኝ። በአካባቢው ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጽሑፉን ለእናትየዋ ቤታቸው ሄጄ፣ ለልጃቸው ደግሞ በስልክ አንብቤላቸው ፈቅደዋል። የማንንም ስም አልጠቀስኩም።

ቡድኑ

ቡድኑ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሲጀመር አባላቱ አምስት ኪሎ ምሕንድስና የሚማሩ አምስት ወጣቶች ነበሩ። በኋላ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የንድፍ ሠራተኛ፣ ቀበና የብየዳ ቤት ያለው አንድ በያጅ እና እኔ ተጨመርን። እኔ የገባሁት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ አንድ ስሌት አልገባ ብሎናል፤ ቅዳሜ ብቅ ቢሉልን» ብሎ ስለ ጋበዘኝ ነው። መገናኛችን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ውስጡ ጸጥታ የሚጠበቅበት ስለ ሆነ አንብበንና ቀድተን ስንጨርስ ክርክሩን ይዘን ወደ ጀበና ቡና እንወርዳለን።

ከዐሥራ አንዳችን በትልቅ ሮለር ኮስተር ላይ ተሳፍሮ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ታዲያ ምን ሳባችሁ የሚሉን ብዙ ናቸው። የዚህ ከተማ ሰው ግንባታ ማየት ይወዳል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ሲሠራ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አጮልቀን ያላየን ጥቂቶች ነን፤ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ላይ ሲወጣም ፎቁን በየሳምንቱ እየቆጠርን ነው ያደግነው የሚሉ ወጣቶች ከመካከላችን አሉ። ሮለር ኮስተር ደግሞ ከግንባታ ሁሉ የተለየ ደስታ አለው፤ ሕንፃ ሲያልቅ ይቆማል፣ ይህኛው ሲያልቅ ይሮጣል። እያንዳንዱ ምሰሶ የቆመበትን ምክንያት በስሌት መድረስ ይቻላል፤ ለአንድ የፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ የለም።

የምንከታተለው ግንባታ

ፋልከንስ ፍላይት ይባላል። የሚገኘው ከሪያድ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በጡወይቅ ገደል አካባቢ በሚገነባው ቂዲያ ከተማ፣ ሲክስ ፍላግስ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። የሠራው ኢንታሚን የተባለው አምራች ሲሆን፣ ይኸው አምራች ቀደም ሲል በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ኪንግዳ ካን፣ በአቡ ዳቢ ደግሞ ፎርሙላ ሮሳን ሠርቷል። ኪንግዳ ካ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲከፈት 139 ሜትር ከፍታና በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነበረው። ፎርሙላ ሮሳ በ2010 እ.ኤ.አ. በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር በመሮጥ የፍጥነቱን ክብር ወሰደ፤ ተሳፋሪዎቹ ዓይናቸውን ከአሸዋና ከነፍሳት ለመከላከል መነጽር ያደርጋሉ። ለፋልከንስ ፍላይት የተገለጸው ቁጥር ከሁለቱም ያልፋል፦ 195 ሜትር ከፍታ፣ 4,250 ሜትር ርዝመትና በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሰፈራችን ማምጣት የመጀመሪያ ሥራችን ነበር። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ቆሞ ቀና ብሎ ማየት ስለ ከፍታው በቂ ግምት ይሰጣል። ርዝመቱ ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር ወርዶ መልሶ ከመውጣት ጋር ይቀራረባል። በያጁ ይህን ሲሰማ ያን ያህል ሐዲድ በስንት መጋጠሚያ እንደሚያያዝ ማሰብ ጀመረ። ቱቦው በፋብሪካ ታጥፎና ተበይዶ በቁራጭ በቁራጭ ይመጣል፣ ቦታው ላይ ግን ፍላንጅ (በቱቦው ጫፍ ያለው የመጋጠሚያ ብረት) ከፍላንጅ ገጥሞ በብሎን ይታሰራል ብሎ ሲያስረዳን፣ ሁለት ክብ ብረቶች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አገጣጠማቸው። «ሜዳ ላይ የተበየደን ብየዳ መቆጣጠር ይከብዳል፤ ብሎን ግን በልኩ ይጠብቃል፣ ይቆጠራል፣ ይፈተሻል» አለ።

አልገባ ያለው ስሌት ደግሞ ይህ ነበር። ማንኛውም ነገር ከ195 ሜትር ከፍታ ያለ ምንም ሰበቃ ቢወርድ ታች ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት በሴኮንድ 62 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 223 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 250 ለመድረስ 246 ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል። ልጆቹ «ከተገለጹት ቁጥሮች አንዱ ውሸት ነው» ወደሚል ድምዳሜ ተቃርበው ነበር። መልሱ ፉርጎው በስበት ብቻ አለመሄዱ ነው፤ በሐዲዱ ላይ በተዘረጉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅሎችና በፉርጎው ላይ ባሉ ማግኔቶች አማካይነት ተገፍቶ ይወነጨፋል። የጎደለውን ጉልበት የሚሞላው ይህ ግፊት ነው፤ አየሩና ሰበቃው የሚበሉትንም እርሱ ይተካል። ያን ቅዳሜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ከሠራች በኋላ እርሳሷን አስቀምጣ የሳቀችውን ሳቅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ቁጥር ሲነገረን በስሌት መፈተን ልማዳችን ሆነ። በዚህም በራስ መተማመናችን አደገ። ቁጥርን መፈተን ወሬን ከመፈተን የተለየ ችሎታ መሆኑን ግን ገና አላወቅንም ነበር።

ችግሩ እንዴት ተዘጋጀ

ከአባላቱ የአንዱ ጎረቤት ልጅ ሪያድ አካባቢ የውሃ ቦቴ ይነዳል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከአውራ ጎዳና ላይ ያነሳትን አንዲት ፎቶ ላከልን፤ ከሩቅ በአቧራ ውስጥ የገደሉ ጫፍና የክሬኖች አንገት ይታይ ነበር። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ፎቶዋን ጥቂት መቶ ሰዎች በሚከታተሉት የቴሌግራም ቻናላችን ላይ አወጣናት፤ ለልጁም «እባክህ ወንድማችን፣ ጠጋ ብለህ አንሣልን» ብለን ደጋግመን ጻፍንለት። እርሱም እኛን ላለማሳፈር ጠጋ ብሎ አንሥቶ ላከ። በዚህ ምክንያት ከአለቃው ከባድ ተግሣጽ እንደ ደረሰበት የነገረን ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም ከጠየቅነው በኋላ ነው። በሰው አገር በሌላ ሰው ፈቃድ የሚኖርን ሠራተኛ ለእኛ ደስታ ብለን አደጋ ላይ መጣላችን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚቆረቁረኝ ነገር ነው።

ጎረቤቱ የሆነው አባላችን ደግሞ በቡና ሰዓት ለእናትየዋ «እማማ፣ ልጅዎ እኮ በዓለም ላይ ትልቁ ነገር ሲሠራ በዓይኑ እያየ ነው» ብሏቸው ነበር። ንግግሩ በደስታ የተነገረ ነው፤ ሐሰትም የለበትም። እናትየዋ የሰሙት ግን ልጃቸው ያንኑ ነገር ከሚሠሩት አንዱ መሆኑን ነው። «ቂዲያ» የሚለውን ስም አጠኑት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ልጃቸው ቂዲያ እንደሚሠራ ይናገሩ ጀመር።

የካቲት 21 እና 22

አርብ የካቲት 21 ቀን አመሻሹ ላይ ከግማሽ ደቂቃ ያነሰ አንድ ቪዲዮ ወደ ስልካችን መጣ። ግዙፍ የብረት ማማ ከሥሩ ጭስ ተነሥቶ ያዘነብላል፣ ከዚያም ይወድቃል። አብሮት የመጣው ጽሑፍ የሳዑዲው ሮለር ኮስተር መውደቁን የሚናገር ነበር። ከአባላቱ አንዱ ቪዲዮውን በቻናሉ ላይ አውጥቶ «ፈረሰ ይባላል፤ ሠራተኞች ነበሩበት ተብሏል» ብሎ ጻፈበት።

ቪዲዮው የኪንግዳ ካ ነበር። ባለቤቱ የሆነው ፓርክ ይህን ሮለር ኮስተር መዝጋቱን በኅዳር 2017 ዓ.ም. አስታውቆ፣ በዚያው አርብ ዕለት በዕቅድ፣ በፈንጂ አፈረሰው። እኛ ደግሞ የመዘጋቱን ዜና በወቅቱ መዝግበነው ነበር። ያም ሆኖ ቪዲዮውን ካዩት ስድስት አባላት መካከል በመጀመሪያው ሰዓት ነገሩን ያገናኘው የለም።

እናትየዋ የማርያም ዕለት ስለ ነበረ ቤተ ክርስቲያን ውለው ሲመለሱ አንድ የጎረቤት ልጅ «ቂዲያ የሚሠራው ነገር ወደቀ» አላቸው። ለልጃቸው በኢሞ ደወሉ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። በመደበኛው ስልክ ሲሞክሩ በዓረብኛ የሚናገር ድምፅ መለሰላቸው፤ የማይገባቸውን ያን ድምፅ ደጋግመው አዳመጡት። ልጁ በዚያ ሌሊት ስልኩን ማደሪያው ትቶ ለሥራ ወጥቶ ነበር።

እኔ ቪዲዮውን ያየሁት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከማማው ጀርባ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል፤ በጡወይቅ ገደል ግን ደን የለም። በያጁ ጋ ስደውልለት አስቀድሞ ደርሶበታል። «ይህ የወደቀ አይደለም፣ የተጣለ ነው። ጭሱ ከየእግሩ እኩል ነው የተነሣው፤ ብረት ራሱ ሲሰበር እንዲህ ተስማምቶ አይሰበርም» አለኝ። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋነው። ከዚያ በኋላ ግን ማረሚያውን እንዴት እንደምንጽፍ ስንከራከር እኩለ ሌሊት ሆነ፤ የኪንግዳ ካ ቁመት ይግባ አይግባ፣ የፈረሰበት ምክንያት ይብራራ አይብራራ እያልን። ከእኛ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ግንፍሌ፣ አንድ ቤት ውስጥ ጎረቤት ተሰብስቦ እንደነበር አላወቅንም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ነገሩን የሰማነው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ጎረቤቱ፣ በያጁና እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እናትየዋ ቤት ደረስን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያሉ ሴቶች ልቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ተቀምጠዋል። ሞባይላቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አውራ ጣታቸው ከመጥሪያው ምልክት ላይ አልተነሣም።

እኔ በመምህር ልማድ ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ አሜሪካ ነው፣ ያ ሳዑዲ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው የፈረሰው እያልኩ። እርሳቸው አቋርጠውኝ «ልጄ፣ የፈረሰውን ተወውና የእርሱን ድምፅ አሰማኝ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በያጁ ምንም ሳይናገር እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ፣ ጎረቤቱን የልጁን የሥራ ባልደረቦች ስልክ እንዲፈልግ ላከው። ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ረመዳን በዚያው ቀን የገባ በመሆኑ የሥራው ሰዓት ተለዋውጦ ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ባልደረባው ተገኝቶ ልጁን ቀሰቀሰልን። እናትየዋ ድምፁን ሲሰሙ የመለሱት ነገር «ምሳ በላህ?» የሚል ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው እንባቸው የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ተሰበሰበ። ቪዲዮውን ያወጣው ወጣት ራሱን ከቡድኑ ለማሰናበት ቢጠይቅም አልተቀበልነውም፤ ስድስት አባላት አይተው ያለፉትን ለአንድ ሰው ማሸከም አግባብ አልመሰለንም። ሦስት ውሳኔዎች ወሰንን።

የመጀመሪያው ከማንም ሠራተኛ ወይም የሠራተኛ ቤተሰብ ፎቶ አለመጠየቅ ነው። ለልጁ ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው፤ የተግሣጹን ነገር የነገረን ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የመዝገቡ አያያዝ ነው። ደብተሩን በሦስት ከፈልነው፦ «ያየነው»፣ «የነገረን» እና «የገመትነው»። በሁለተኛው ክፍል ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደ ነገረን ካልታወቀ አይጻፍም። ከዚህ ጋር «ይባላል» እና «ተብሏል» የሚሉትን ቃላት ከመዝገቡም ከቻናሉም አስወጣን። ቋንቋችን በእነዚህ ቃላት ተናጋሪውን ይሰውራል፤ «ፈረሰ ይባላል» ሲባል የሚለው ማን ነው? ወጣቱ ሊዋሽ አላሰበም፤ ቃሉ ግን ኃላፊነቱን ከእርሱ ላይ አውርዶ ማንም ላይ አላስቀመጠውም። «እከሌ ነው ያለኝ» ብሎ ለመጻፍ ቢገደድ ኖሮ እከሌ የሚባል ሰው እንደሌለው በዚያው ቅጽበት ይረዳው ነበር።

ሦስተኛው፣ አደጋን ወይም ሞትን የሚመለከት ማንኛውም ነገር ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ሳያጣሩት አንድ ቀን ሙሉ እንዳይወጣ የሚል ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ቪዲዮውን ማጥፋት ምንም አልጠቀመም። ከእኛ እጅ ከወጣ በኋላ በየቤተሰቡና በየዕቁቡ ቡድን ተላልፎ ነበር፤ እኛ ስናጠፋው የቀረው ወሬው ሲሆን የጠፋው ለማረም የሚያመች ማስረጃው ነው። ዛሬ ቢደገም ቪዲዮውን ሳናጠፋ፣ ከላዩ ላይ በትልቁ «ይህ ኪንግዳ ካ ነው፤ አሜሪካ» ብለን እንጽፍበት ነበር። እስከ እኩለ ሌሊት የደከምንበት ረጅም ማረሚያም አልተነበበም። የተነበበችው ነርሷ በማግስቱ የጻፈቻት ሁለት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «ትናንት ያወጣነው ስሕተት ነው። ቂዲያ የወደቀ ነገር የለም።»

በአካል መሄዳችን ሠርቷል፤ የሠራው ግን ስለ ሄድን እንጂ ስላስረዳን አይደለም። ከሦስታችን የጠቀመው ስልክ ሲያፈላልግ የነበረው ነው።

የመዝገቡ ክፍፍል ከጠበቅነው በላይ ጠቅሞናል። በመጀመሪያው ወር የቆየውን መዝገብ በአዲሱ ሥርዓት ስንገለብጥ «ያየነው» ብለን ይዘነው ከነበረው አብዛኛው ወደ «የነገረን» ሲዛወር፣ ጥቂት የማይባለው ወደ «የገመትነው» ወረደ። ለምሳሌ ከሳተላይት ምስል አየነው ያልነው ምሰሶ በእርግጥ አልታየም። የምንጠቀመው የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2 ምስል በነጻ የሚገኝና በአምስት ቀን አንዴ የሚታደስ ቢሆንም፣ አንዲቱ ነጥብ በመሬት ላይ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር ትሸፍናለች። በዚህ ልክ የተጠረገ መሬትና የተቆረጠ መንገድ በደንብ ይታያል፤ ቀጭን የብረት ምሰሶ ግን አይታይም፣ ጥላውም ቢሆን ከድንጋዩ ጥላ አይለይም። ሁለት ወር ሙሉ ጥላ በመለካት ከፍታ ለማግኘት የሞከርነው ሙከራ እዚህ ላይ አበቃ።

የአንድ ቀን ጥበቃው ዋጋ አስከፍሎናል። ሁለት ወጣቶች «ሌሎች ሲያወሩት እኛ ዝም ብለን መቀመጣችን ምን ትርጉም አለው» ብለው ወጡ። ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም፤ ትኩስነት የዚህ ዓይነቱ ክትትል ግማሽ ደስታ ነው። ደንቡን ለአደጋና ለሞት ብቻ እንደምንጠቀምበት ደጋግመን ብናስረዳም አልተመለሱም።

ለሌሎች ሊጠቅም የሚችለው

በሩቅ አገር የሚሠራ ነገር የሚከታተሉ ቡድኖች፣ ስታዲየምም ይሁን ግድብ ወይም ባቡር፣ ከዚህ የሚወስዱት ካለ በመጀመሪያ አንባቢያቸውን እንዲያውቁ ነው። እኛ የምንጽፈው እንደ እኛ ላሉ የግንባታ ወዳጆች ይመስለን ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ሪያድን የሚጠቅስ ዜና ሁሉ ለአንድ ሰው የቤተሰብ ዜና ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ከወሬ ይጠብቃል። ሮለር ኮስተር መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላል፤ ምሰሶው ይቆማል፤ ሐዲዱ ይገጠማል፤ ኤሌክትሪኩና መቆጣጠሪያው ይዘረጋል፤ ከዚያ ባዶ ፉርጎ፣ ቀጥሎ ውሃ የተሞሉ አሻንጉሊቶች በሰው ፋንታ ተቀምጠው ይሮጣሉ፤ ሰው የሚሳፈረው በመጨረሻ ነው። ማንም «ተሳፋሪ ሞተ» ብሎ ቢጽፍ ግንባታው የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይጠይቃል። እኛ ይህን ሁሉ ብናውቅም በዚያች አንድ ሰዓት አልተጠቀምንበትም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈን በደብተሩ ልባስ ላይ ለጥፈነዋል።

ሦስተኛ፣ በእጁ የሚሠራ ሰው በቡድኑ ውስጥ ይኑር። ስድስት ሰዎች ቪዲዮውን አይተው ውድቀት ነው ያዩት፤ ብረት ሲቆረጥና ሲሰበር በየቀኑ የሚያይ አንድ ሰው ግን ጭሱ ከየት እንደ ተነሣ ተመለከተ።

ከዚያ ወዲህ

ፓርኩ በታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያ ምሽት ከያለንበት በስልክ ተገናኝተን ጠበቅን፤ ስሌቱን የሠራችው ተማሪ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ከዚያው ሆና አብራን ነበረች። ለመዝገቡ የቀኑን ዜና ከነምንጩ «የነገረን» ውስጥ አስገባን።

ለገና እናትየዋ ጠርተውን በያጁ፣ ጎረቤቱና እኔ ግንፍሌ ቤታቸው ሄድን። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ልጃቸው ቦቴውን ይዞ በአውራ ጎዳናው ሲያልፍ ፉርጎው ከገደሉ ጫፍ ወደ ታች ሲወረወር ማየቱን በስልክ እንደ ነገራቸው አጫወቱን። ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው ለእናቱ ያወራው። «ጻፉት እንጂ፣ አየሁ ብሎኛል» አሉ። ጎረቤቱ ደብተሩን አውጥቶ «ያየነው» የሚለውን ገጽ ሲገልጥ በያጁ እጁን ያዘው። ትንሽ ተነጋገርንበትና ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመልሰን፣ ቀኑን ከጻፍን በኋላ፣ «ልጃቸው እንዳየ እናቱ ነገሩን» ብለን አሰፈርነው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው የተጻፈውን አነበቡና ስኒውን ሞሉልን።